ነፋሱን ማጠጣት

ባለፈው ግንቦት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ግቢያችን ውስጥ ቲማቲም አጠጣለሁ። ድሬዳዋ ከቀትር እንቅልፏ የምትነሳበት ሰዓት ነው። ሱቆች በራቸውን እየከፈቱ ነው፤ ሊሾው ግን ገና እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ሁለት ጣሳ አፍስሼ ሦስተኛውን ስቀዳ አዴ ደጃፏ ላይ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣

«ልጄ፣ የምታጠጪው ቲማቲሙን ነው ወይስ ነፋሱን?» አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። ጣሳውን አስቀምጬ ገባሁ። ያን ቀን ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

አዴ በግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። ግቢው ሁሉ አዴ ነው የሚላት። (ድሬ ያላደጋችሁ አንባቢዎች፣ ትልቅ ሰው «አንቺ» ማለቴ ንቀት እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋ አንቱታ ብዙም የለም። ፍቅሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።) ሦስት ጀሪካን አላት። አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለድስት፣ አንዱ ለውዱእ (ለሶላት መታጠቢያ) እና ለእቃ ማጠቢያ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሌሊት። ቧንቧው ሲያጉረመርም ግቢው ሁሉ ይነሳል። አዴ ጉልበቷን ስለሚያማት መሸከም አትችልም። የግቢው ልጆች ናቸው የሚቀዱላት። እያንዳንዱን ጣሳ በስም የምታውቅ ሴት ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄዋ ቀልድ አልነበረም። ወቀሳም አልነበረም። በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ያ ነው የከበደኝ፤ እኔም መልሱን አላውቀውም ነበርና።

ከማዳበሪያ እስከ ብርድ ልብስ

ግቢያችን ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። የድሮ ቤት፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ፣ ከዳር እስከ ዳር ሊሾ። ለአንዲት ጤና አዳም የሚሆን ባዶ አፈር እንኳ የለውም። ተከራይ ሰው ደግሞ ሊሾ አይቆፍርም። መትከል የሚችለው ቤት ሲለቅ ይዞት በሚሄደው ነገር ላይ ብቻ ነው። ባልዲ ልግዛ ብል ዋጋው አስደነገጠኝ። ስለዚህ በማዳበሪያ ከረጢት ጀመርኩ።

ሀሳቡ የኔ አይደለም። ናይሮቢ፣ ኪቤራ ውስጥ፣ ሶሊዳሪቴ የሚባል የፈረንሳይ የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለቤተሰቦች የጆንያ ጓሮ ሲያስተምር እንደነበር አንብቤ ነበር። አሠራሩ ያምራል። ወለሉ የተቆረጠ ጣሳ ጆንያው መሃል ይቆማል። ጣሳው ውስጥ ድንጋይ፣ ዙሪያውን አፈር ይሞላል። አፈሩ ከፍ ሲል ጣሳው ወደ ላይ ይሳብና እንደገና ድንጋይ ይጨመርበታል። መጨረሻ ላይ ከታች እስከ ላይ የድንጋይ ምሰሶ ይቆማል። ውሃው በምሰሶው ውስጥ ወርዶ ከታች ያለውን አፈር ያገኘዋል። ጎኑ እየተበሳ ጎመን ይተከልበታል። በአንድ ክንድ ቦታ ላይ ብዙ ሥር ጎመን ማለት ነው።

እኔም በቆስጣ ሞከርኩት። ሁለት ወር እጅግ ደስ አለኝ። የረሳሁት ፀሐይን ነበር። ማዳበሪያ የፕላስቲክ ክር ነው፤ የድሬ ፀሐይ ደግሞ ክሩን እየሰባበረ ዱቄት ያደርገዋል። በአምስተኛው ወር አንዱን ላንቀሳቅስ ጆሮውን ስይዘው እጄ ላይ ቀረ። ታቹ ተከፈተና አፈሩ ሊሾው ላይ ፈሰሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለኔም ነው። ከሁሉም ያናደደኝ አፈሩ ውስጥ የገባው የፕላስቲክ ብጥስጣሽ ነው። ዛሬም ድረስ አንዳንዴ በጣቴ መካከል አገኘዋለሁ። ማዳበሪያ የምትጠቀሙ ካላችሁ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፦ ውስጡ ላስቲክ ያለው ከሆነ ላስቲኩን አውጡት፣ ውጪውን ደግሞ ለፀሐይ አትስጡት።

ከዚያ የቃጫ ጆንያ መጣ። እሱ በደንብ ይተነፍሳል። ነገር ግን ሁልጊዜ እርጥብ መሆንን አይችለውም፤ ታቹ በአንድ ወቅት ውስጥ ይበሰብሳል። መጨረሻ ላይ ያዛለቀኝ ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። ብርድ ልብስ። ያ ግራጫው፣ ርካሹ፣ ሲነኩት የሚሻክረው። ድሬ ላይ ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚኖረው። ቤቴ ውስጥ ሁለት ነበሩኝ፤ ለዓመታት አንዱንም ተከናንቤ አላውቅም።

እህቴ ሐረር ናት የምትኖረው። ከኛ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን የደንገጎን ዳገት ወጥተሽ ስትጨርሺ አየሩ ራሱ ሌላ ነው። ብርድ ልብሶቹን ይዤላት ሄድኩና ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ወሰድናቸው። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው፤ ዛሬም ሰፊዎቹ በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር ተደርድረው ይሰፋሉ። አንድ ሰፊ ነገሩ ገብቶት በፈገግታ ተቀበለን። በጥጥ ክር ልሰፋው ሲል «አይሆንም፣ በውሃ ይበሰብሳል» አልኩት፤ በናይለን ክር ሰፋልኝ። ጆሮም አበጀለት። ክብ ነው፤ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር። እንደዚህ ያለው ከረጢት 21 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፤ ለአንድ ቲማቲም ወይም ለሦስት አራት ሥር ቆስጣ ይበቃል። ከአንዱ ብርድ ልብስ 6 ከረጢት ወጣ። ከሁለቱ 12። ሰባቱን ይዤ ወረድኩ፣ አምስቱን ለእህቴ ተውኩላት።

አፈሩን ብዙ አላወራበትም። ሁለት ባልዲ አፈር፣ አንድ ባልዲ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ አንድ ባልዲ በደንብ የበሰበሰ የፍየል ፍግ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ደቻቱ ወርዶ አሸዋ መዛቅ ለድሬ ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ የ1998ን የክረምት ጎርፍ ያየ ሰው እዚያ አሸዋ ላይ ቆሞ ዝም ማለቱ አይቀርም። እኔም ዝም ብዬ ነው የሞላሁት።

ሚዛን ላይ

ወደ አዴ ጥያቄ ልመለስ። ማታ ሳስበው እንዲህ ነበር ያልኩት። ቲማቲሙ በቀን ሦስት ጣሳ ይጠጣል። ባልዲ ውስጥ የተከልኩት ሌላ ቲማቲም ግን አንዷ ጣሳ ይበቃዋል። ተክሉ ያው ነው፣ አፈሩ ያው ነው። ልዩነቱ ታዲያ የት ገባ?

ከግቢው በር ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ አለች። የሚንጠለጠለውን ሚዛኗን ለአንድ ቅዳሜ አዋሰችኝ። ምንም ያልተተከለበት ከረጢትና ምንም ያልተተከለበት ጥቁር ባልዲ አዘጋጀሁ። ባልዲው ታቹ የተበሳ ነው። ሁለቱንም እኩል አፈር ሞላኋቸው፣ ከታች እስኪንጠባጠብ ድረስ አጠጣኋቸው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መዘንኳቸው፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ማታ 12 ሰዓት ላይ እንደገና መዘንኳቸው።

ባልዲው 600 ግራም ያህል ቀንሷል። ከረጢቱ 2 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

አንድ ኪሎ ውሃ አንድ ሊትር ነው። ተክል የሌለው ከረጢት በአንድ ቀን 2 ሊትር ሊሞላ የቀረበ ውሃ ለአየሩ ሰጥቷል። በሰባት ከረጢት አባዙት። በየቀኑ 13 ሊትር፣ ከግማሽ ጀሪካን በላይ፣ ማንም ሳይጠጣው ይሄዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን እያሳሳቀ የሄደው ራሱ ውሃው ነበር። ከረጢቱ በአራቱም ጎን ይተነፍሳል፣ ባልዲው በአፉ ብቻ። አዴ ልክ ነበረች። ነፋሱን ነበር የማጠጣው።

ያን ማታ ከረጢቶቹን ልሰጥ ወሰንኩ። እውነቴን ነው። ከጎኔ ያለች አሮጊት ውሃ በጣሳ እየለካች እየኖረች እኔ በየቀኑ ግማሽ ጀሪካን ለሰማይ ልሰጥ አልችልም። ቆስጣ ከቀፊራ ገበያ ይገዛል። ከሐረማያ በኩል በየቀኑ ነው የሚወርደው።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። ያን ያህል ውሃ የሚያባክነው ከረጢት ውስጥ ያለው ቲማቲም ለምለም ነው። ውሃ የማያባክነው ባልዲ ውስጥ ያለው ግን እሁድ ቀትር ላይ ቅጠሉን አጥፎ ተኝቷል። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ተክሉ ግን ጠውልጓል። ጣቴን በፀሐይ በኩል ባለው የባልዲው ጠርዝ ወደ አፈሩ ሰደድኩት። ለገላ እንደሞቀ ውሃ ነው። የቲማቲም ሥር ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅበት ሥራው ይደክማል፤ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ መጠጣት ያቅተዋል። ወደ ከረጢቱ ዞሬ እንዲሁ አደረግኩ። ከረጢቱ ቀዝቃዛ ነበር። የእንስራ ሆድ እንደመንካት።

የአዴ ጀሪካን

ቀና ስል አዴን አየኋት። ኒሙ ሥር ቆማለች። የመጠጥ ውሃዋ ጀሪካን ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው፣ ሁለት ጡብ ላይ። ጀሪካኑ ጆንያ ለብሷል። ዙሪያውን በመርፌ የተሰፋ፣ እንደ ልብስ የሚገጥም። አዴ በትንሽ ጣሳ ውሃ እየቀዳች ጆንያው ላይ ታፈሳለች። ቀስ ብላ፣ ዙሪያውን፣ ምንም ጎን ሳይቀር።

ይህን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ድሬ ላይ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፍሪጅ ሳይኖር ውሃ የሚቀዘቅዘው እንደዚህ ነው። ያን ቀን ግን መጀመሪያ እንዳየሁት ሆንኩ።

«አዴ፣ ጆንያውን ለምንድን ነው የምታርሺው?»

«ነፋስ ሲነካው ይቀዘቅዛላ!» ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል ፊት።

«በቀን ስንት ጣሳ?»

«አንድ ጠዋት፣ አንድ ቀትር ላይ።»

ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ ምንም ሳልል እሷ ደረሰችበት። ጣሳዋን አስቀምጣ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ቀስ እያለች ወደ ከረጢቱ መጣች። መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች። ቆየች። ከዚያ ባልዲውን ነካች፣ እጇንም ቶሎ አነሳች። እንደገና ወደ ከረጢቱ።

«አቦ!» አለች። «ይሄም ጀሪካን ነዋ።»

ለኔ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው እዚያ ላይ ነው። ነፋሱ የጠጣው ውሃ ጠፋ ማለት አልነበረም። ሥራ ሠርቶ ነው የሄደው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ይዞት የሚሄደው ሙቀት 7 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሙቀት ከየት ወጣ? ከአፈሩ፣ ከከረጢቱና በዙሪያው ካለው አየር። ሥሩን ሳያሞቅ ነው የሄደው። ይህ ሁሉ እሳት በየቀኑ ከቲማቲሜ ሥር እየተነሳ ነበር፤ እኔ ግን ሚዛኑ ላይ ያየሁት የጎደለውን ብቻ ነው። የጎደለው ምን እንደገዛልኝ አላየሁም።

ደስ አለኝ። ተቀባይነት ያገኘሁ መሰለኝና «አየሽ አዴ፣ አላባከንኩም ማለት ነው» ልላት ነበር። እሷ ግን አልጨረሰችም። ጀሪካኗን፣ ከዚያ ከረጢቴን፣ ከዚያ ሰማዩን አየች።

«የኔ ጥላ ሥር ነው ያለው» አለች። «ያንቺ ፀሐይ ላይ። ፀሐይ ላይ ያለ ጀሪካን ማን ያርሳል? ነፋስ ትንሽ ነው የሚጠጣው ልጄ። የምትጨርሰው ፀሐይ ናት።»

ይህን ስለ አተካከል ባየኋቸው ቪዲዮዎች ላይ አልሰማሁትም ነበር። ስለ ጨርቅ ከረጢት የተማርኩት ሁሉ ከቀዝቃዛ አገር ሰዎች ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት። ቲማቲም በቀን ውስጥ የ6 ወይም የ8 ሰዓት ርዝመት ያለው ፀሐይ ይፈልጋል ይላሉ። እኔም ታዝዤ ከረጢቶቹን ግቢው መሃል፣ ጥላ በማይደርስበት፣ በሚያቃጥለው ሊሾ ላይ ደርድሬያቸው ነበር። የነሱ ፀሐይ ግን የኛ ፀሐይ አይደለችም። በድሬ ግንቦትና ሰኔ ቀትር ላይ ከ35 ዲግሪ መዝለል ብርቅ አይደለም። ጠዋት ከ1 እስከ 5 ሰዓት ያለው ፀሐይ ብቻ ለቲማቲም ቀለብ ይሆነዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕዳ ነው።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ያው ከረጢት፣ ያው ሰፊ፣ ያው ብርድ ልብስ ነው ያላት። «እኔ በሁለት ቀን አንዴ ነው የማጠጣው» አለችኝ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት። ሐረር ከኛ 700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ይህ ማለት አራት አምስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። አንድ ከረጢት በሁለት ከተማ ሁለት ዓይነት ነው።

በዚያው ሳምንት ከረጢቶቹን ወደ ኒሙ ምሥራቅ አዞርኳቸው። የጠዋት ፀሐይ ያገኛሉ፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ጥላው ይደርስላቸዋል። ከሊሾው ላይ አንስቼ እንደ አዴ ጀሪካን ጡብ ላይ አስቀመጥኳቸው። እርስ በርስ አጠጋጋኋቸው፤ መሃል ያለው ከረጢት በአራቱም ጎን ባልንጀራ አለው፣ ነፋሱም በቀላሉ አያገኘውም። በምዕራብ በኩል አዴ የድሮ ሽርጥ ሰጥታኝ ገመድ ላይ ዘረጋሁት። የአፈሩን ገጽ የኒም ቅጠልና ገለባ አለበስኩት። ማጠጣቱንም ወደ ማታ 2 ሰዓት አዛወርኩት።

በሳምንቱ ሚዛኑን እንደገና ተዋስኩ። ያው ባዶ ከረጢት ከጠዋት እስከ ማታ የቀነሰው 800 ግራም ነበር። ከግማሽ በታች። ሲነካም ያው ቀዝቃዛ ነው። አዴ ቁጥሩን ራሷ ካላየሁ ብላ መነጽሯን አስመጣች።

ነፋሱ የማይወስደው

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ሰኔ መጨረሻ ላይ ሌላ ነገር መጣ። የከረጢቶቹ ጎን ላይ፣ ከታች አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ነጭ መስመር ወጣ። በየቀኑ ይወፍራል። ሻጋታ መሰለኝ። የቆስጣው አዲስ ቅጠል ደግሞ ቢጫ ሆነ፤ ደም ሥሩ አረንጓዴ፣ መሃሉ ቢጫ። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። ባሰበት።

አዴ በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። ጣቷ ላይ አሸችው። ከዚያ ገብታ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ወጣችና ውስጡን አሳየችኝ።

«ይሄ እኮ ነው።»

እውነት ነው። የድሬ ሰው ሁሉ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ያውቃል። ውሃችን ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ ከሳቢያን በኩል። ከኖራ ድንጋይ ጋር ከርሞ ስለሚወጣ ኖራው አብሮት ይመጣል። ነፋሱ ውሃውን ወስዶ ኖራውን ከረጢቱ ላይ ይተወዋል። ውጪ የወጣው የሚታየው ብቻ ነው። አፈሩም ውስጥ እየተጠራቀመ ብረቱን ያስረዋል፤ ብረቱ አፈሩ ውስጥ ቢኖርም ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ቢጫው የመጣው ከዚያ ነው። ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የተጠራቀመውን ጠርጎ የሚያወጣ ውሃ ከታች አይፈስምና።

ባልዲ ቢሆን ይህን አላየውም ነበር። ባልዲ ዝም ብሎ ይሸከማል። ከረጢቱ ግን የጠጣውን ሁሉ ጎኑ ላይ ይጽፈዋል። ይህ ባሕርይው አሁን ከሁሉ በላይ የምወድለት ነው።

አዴ ለማንቆርቆሪያዋ ሎሚ ነው የምትጠቀመው። ጨምቃ ታፈላዋለች፣ ቅርፊቱ ይለቃል። ለከረጢቱም ሎሚ አለችኝ። ለአንድ ማንቆርቆሪያ የሚበቃ ሎሚ ግን ለ20 ሊትር ጀሪካን አይበቃም፤ የሎሚውም ዋጋ ቀላል አይደለም። ያዳነን ሐምሌ ነው። የዝናብ ውሃ ኖራ የለበትም። 20 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ 200 ሊትር ነው። 10 ጀሪካን። ይህን ስቆጥር ራሴን ያዝኩ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ከጣሪያችን ወደ ቱቦ ሲፈስ አይቼዋለሁ። በርሜል ተዋጥተን ገዛን። በመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከረጢቶቹን ከጥላው አውጥቼ ሜዳ ላይ አቆምኳቸው። ከታቻቸው ውሃ እስኪፈስ ዘነበባቸው። በሁለተኛው ሳምንት የወጣው ቅጠል አረንጓዴ ነበር።

ሁሉም አልተሳካም። ቲማቲሙ በሰኔ አበባውን ሁሉ አረገፈው። ያ የውሃም የከረጢትም ጥፋት አይደለም፤ ሌሊቱ ሲሞቅ የቲማቲም አበባ ፍሬ አይይዝም። የድሬ የቲማቲም ወቅት ከመስከረም በኋላ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል። አሁን ለሞቃቶቹ ወራት ቃሪያና ባሚያ ነው የምተክለው። ባሚያ ሙቀት ይወዳል። ሰላጣ ተውኩ፤ ሳትቀምሱት ግንድ አውጥቶ ይመርራል። እህቴ ሐረር ሆና የሰላጣ ፎቶ ስትልክልኝ ግን አሁንም እቀናለሁ።

ማለዳ

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ነፋሱ ያነሰ ይጠጣ እንጂ መጠጣቱን አልተወም። በቀን 800 ግራም በሰባት ሲባዛ ከ5 ሊትር በላይ ነው። ተክሉ ራሱ የሚጠጣው ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ከሐምሌ ውጪ ይህ ከየት ይመጣል? የሩዝና የምስር እጣቢ አስቀምጣለሁ፣ ሳሙና የነካውን አልጨምርም። ግን አይበቃም።

ለአዴ ይህን አላነሳሁባትም። ምን ብዬ አነሳዋለሁ? አንድ ማለዳ ግን ለሥራ ስወጣ አየኋት። በርጩማዋን ከደጃፏ አንስታ ከረጢቶቹ አጠገብ አምጥታዋለች። ከቆስጣው ፊት ተቀምጣ፣ ማንቆርቆሪያዋን በግራ እጇ ይዛ ውዱእ እያደረገች ነው። እጇንና ፊቷን ስትታጠብ፣ እስከ ክርኗ ስታፈስ፣ ውሃው ቀጥታ ከረጢቱ አፍ ላይ ነው የሚወርደው። ስትጨርስ በርጩማዋን ወደ ቀጣዩ ከረጢት ጠጋ አደረገችና እግሮቿን እዚያ ላይ ታጠበች።

አይታኝ ቀና አለች።

«ወንዝ ዳር ብትሆኚ እንኳ ውሃ አታባክኚ ነው የተባልነው» አለችኝ። «በቀን አምስት ጊዜ ሊሾው ላይ ሳፈስ ኖሬ።»

ሌላ አልተናገረችም። ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ከቆስጣው አንድ ቅጠል ሰበረች፣ ጀርባውን ገልብጣ አየችው፣ አፏ ውስጥ ከተተችው። አሁን ከረጢቶቹን በተራ ነው የምታጠጣው። የሱብሂ ሶላት ውዱእ የአንደኛው ነው፣ የዙህር የሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ተራው እንዳይዛባባት የእያንዳንዱን ጆሮ የተለያየ ቀለም ባለው ክር አስራዋለች። እኔ የማጠጣው የቀሩትን ሁለቱን ነው።